ከመታጠፊያው በፊት

«ይርጋ ልጁን የያዘው በእህቱ ነው» አሉ እትዬ ላቀች።

ሰኞ ዕለት ለጎረቤት ተናገሩት። ማክሰኞ በቀበሌው ሱቅ ደጅ የስኳር ሰልፍ ይዘው ደገሙት። ሐሙስ ወሬው ሥጋ ለብሶ እግር አውጥቶ ነበር፦ «ይርጋ ልጁን የያዘው በእህቱ ነው። ደብዳቤያቸው እጁ ገብቶ፣ ‹የቀጥቃጭ ልጅ የመሪጌታን ደጅ ሊረግጥ!› ብሎ ሞተሩን አስነሥቶ ተከተለው።» እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ ሽጉጥ መዞበት ነበር አሉ። እትዬ ላቀች ጠላ ሻጭ ናቸው፤ ወሬንም እንደ ጠላ ነው የሚጠነስሱት። ቀን በቆየ ቁጥር ይከብዳል፤ የቀመሰው ሁሉ ራሱን ይዞ ይሄዳል።

ደብረ ታቦር ወሬውን ያመነችው ያለ ምክንያት አይደለም። ሃምሳ አለቃ ይርጋ ከወረታ እስከ ገሳይ ባለው መንገድ የሚዞር የትራፊክ ፖሊስ ነው። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሠራ ጉቦ በላ ተብሎ አልታማም፤ ያላየውን ጻፈ ተብሎም አልታማም። ሹፌሮች ራሳቸው «የይርጋ ክስ እንደ ንስሐ ነው፤ ኃጢአት ሳትሠራ አይሰጥህም» ይሉ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ግንቦት ሦስት ቀን 1980 ዓ.ም. ምንም ባላጠፋ ሹፌር ላይ ክስ ጻፈ። ሹፌሩ ደግሞ እህቱ የምትወደው መርሻ ነው። ከዚህ በኋላ ወሬ ምን ምስክር ያሻዋል?

እህቱ ፈንታነሽም የምታምነው ይህንኑ ነበር። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእትዬ ላቀች ጋር ተስማማች፤ ያንገበገባትም ይኸው ነው።

ፈንታነሽ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። ከአውራጃው ፍርድ ቤት አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግታ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ትጽፋለች። መጀመሪያ ስትቀመጥ ወንዶቹ ጸሐፊዎች «የሴት ማመልከቻ ዳኛ ፊት አይቆምም» ብለው ሳቁባት። «የእናንተም የሚቆመው ግድግዳ ተደግፎ ነው» አለቻቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ ግማሹ ደንበኛቸው ወደ እሷ ጠረጴዛ ዞረ። ፊደልና ዳዊት ያስቆጠሯት አባቷ መሪጌታ አድማሱ ናቸው፤ የቀረውን ራሷ ለቅማ ነው ያወቀችው። መሪጌታ ሲሞቱ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያሳደጋት ወንድሟ ይርጋ ነው፤ ሚስት ሳያገባ፣ ለእሷ ራስ ቅቤ እየገዛ፣ እንደ እናት። ቤት ውስጥ የሚነበብ ሲጠፋ የእሱን የትራፊክ ደንብ መጽሐፍ እንደ ዳዊት ደገመችው።

መርሻ ወደ ጠረጴዛዋ የመጣው በጥቅምት ነው፤ የመንግሥት እህል የሚያመላልስበት መኪና ጎማ አልቆበት።

«ምን ልጻፍልህ?»

«ጎማዬ አልቋል በይልኝ።»

«ካለቀ ስንት ጊዜው ነው?»

«የትኛውን ልንገርሽ፤ መጀመሪያ ያለቀውን ነው ወይስ ካለቀ በኋላ የሄድሁበትን?»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ከእንግዲህ ይህን ዕቃ ጎማ ብሎ መጥራት የጎማን ስም ማጥፋት ይሆናል» ብላ ጻፈች። ስድስት ወር ሲለመን የቆየው ጎማ በዐሥር ቀን መጣ። መርሻ ሊያመሰግን ተመለሰ። ከዚያ የሚያመለክተው ነገር ሳይኖረው ተመለሰ። በሦስተኛው ምልልሱ ማመልከቻውን ራሱ ጽፎ አመጣው፤ ለእሷ የተጻፈ ነበር።

አባቱ ጉና ተራራ ግርጌ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ቀጥቃጭ ናቸው። እሳቸው በሠሩት ማረሻ የበቀለውን እህል አገር ሁሉ ይበላል፤ ከእሳቸው ገበታ ግን ማንም አይቆርስም። መንግሥት ሰው ሁሉ እኩል ነው ብሎ በሬዲዮ ካወጀ ዓመታት አልፈዋል። አዋጁ ጉና ሲደርስ ይበርደውና ይመለሳል መሰለኝ።

*

ግንቦት ሦስት ቀን የሆነው እንዲህ ነው።

የፈንታነሽ የክርስትና እናት ወይዘሮ ሙሉእመቤት ዐርፈው፣ አስከሬናቸው ከገሳይ በላይ ካለው መንደር ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወርድ ነበር። መንገዱ የመኪናውን አውራ ጎዳና ያቋርጣል። ለቀስተኛው ጎዳናው ላይ ሲደርስ አንድ የጭነት መኪና ከደብረ ታቦር በኩል እያጓራ ዳገቱን ወጣ። ቃሬዛውን ሲያይ አዘገመ። ከመታጠፊያው በፊት፣ መንገዱ ቀጥ ባለበት ላይ ጥግ ይዞ ቆመ፤ ሞተሩም ጠፋ።

በአገራችን በቅሎ የተቀመጠ ሰው ሬሳ ሲያልፍ ይወርዳል፤ ወርዶም ጥቂት እርምጃ ይሸኛል። በመኪና የመጣ ግን ጥሩንባ ካልነፋ እግዜር ይስጥልን ነው። ሹፌሩ ወረደ። ድንጋይ ፈልጎ ከኋላው ጎማ ሥር ሸጎጠ። ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞ መጣ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሽማግሌ ጉልበታቸው ከድቷቸው ይንገዳገዱ ነበርና፣ ምንም ሳይናገር ትከሻውን ከትከሻቸው ሥር አስገብቶ ተቀበላቸው።

ፈንታነሽ ያን ጊዜ ነው ቀና ያለችው። መርሻ ነበር። በቃሬዛው ማዶና ማዶ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከጠዋት ጀምሮ ሴቱ ሁሉ ሲያለቅስ እሷ እንባ አጥታ ነበር። ኀዘኗ ደረቷ ላይ እንደ ድንጋይ ተቀምጦ አልነቃነቅ ብሏት ነበር። እሱን ስታይ ፈነዳች። እሱም ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሣም። ከዳገቱ ጫፍ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ሲሄዱ፣ ሁለቱ አንድ ሬሳ ብቻ ሳይሆን አንድ ኑሮ የተሸከሙ መሰላት።

መርሻ ሸኝቶ ሲመለስ የይርጋ ሞተር ሳይክል ከመኪናው አጠገብ ቆማ ነበር። ፈንታነሽ ከሩቅ አየች። ጠብ የለም፣ ጩኸት የለም። ይርጋ ጎንበስ ብሎ ይጽፋል። መርሻ መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ ሰጠው። ይርጋ ተቀብሎ ኪሱ ከተተና ቀና ሲል ከእህቱ ጋር ተገጣጠመ። አንዴ አያት፤ ወዲያው ዓይኑን ወደ ጉና አዞረ። ያሳደጋት ወንድሟ ፊቷን ማየት ሲያቅተው ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። እንባዋ እዚያው ላይ ደረቀ።

*

ክሱ «በጠመዝማዛ ላይ መኪና አቁሞ መተላለፊያ በመዝጋት» ይላል። ቅጣቱ የሦስት ወር እግድ ነው። ፈቃዱ የታገደበትን ሹፌር መሥሪያ ቤቱ አያቆየውም። ሥራ የሌለው የቀጥቃጭ ልጅ ደግሞ እንኳን ለመሪጌታ ቤት ለማንም ደጅ ሽማግሌ አይልክም። ፈንታነሽ ይህን ሁሉ አስልታ ነው ማታ ወንድሟ ፊት የቆመችው። ይርጋ ጫማውን ይወለውል ነበር።

«አያ ይርጋ፣ መኪናው የቆመው ከመታጠፊያው በፊት ነው።»

«ወረቀቱ የሚለውን ይላል።»

«ወረቀት አፍ የለውም። የምትለው አንተ ነህ።»

«አንቺ ለቅሶ ላይ ነበርሽ። ያለቀሰ ዓይን መንገድ አይለካም።»

«ያላለቀሰ ዓይንማ ምን እንደለካ አየነው!»

ይርጋ ብሩሹን አስቀመጠ። ሊቆጣ ነው ብላ ጠበቀች፤ አልተቆጣም። ድምፁ ዝቅ አለ።

«ፈንታዬ፣ ሦስት ወር ነው። ሦስት ወር ቢቀመጥ ምን ይሆናል? ሰው ተቀምጦ አይሞት።»

«ሥራውን ያጣላ!»

«ሥራ ይገኛል።»

«ለአንተ ሁሉም ይገኛል። የቀጥቃጭ ልጅ ስለሆነ አይደል? በለው እንጂ! እትዬ ላቀች እንኳ የሚሉትን አንተ መናገር አቃተህ?»

ይርጋ አፉን ከፈተ፣ ዘጋው። ፈንታነሽ ዝምታውን እንደ መልስ ቆጠረችው። ከመልስም የከፋ መልስ።

«ክርክር ውስጥ እንዳይገባ ንገሪው» አለ በመጨረሻ። «ቅጣቱን ይቀበል። ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለህ! ለእኔ ብለህ ሚስት አላገባህም፤ ለእኔ ብለህ ወደ ጎንደር ሳትዛወር ቀረህ፤ አሁን ደግሞ ለእኔ ብለህ ዋሸህ። እባክህ አያ ይርጋ፣ እስቲ አንድ ነገር ለራስህ ብለህ አድርግ!»

ከአፏ ሲወጣ ራሷን አሳመማት፤ ግን አልመለሰችውም። ከዚያ ዕለት ጀምሮ አንድ ጣራ ሥር ሆነው ቃል አልተለዋወጡም። ይርጋ እራቷን ከድኖ ያስቀምጥላታል። እሷም እየራባት ሳትነካው ታድራለች፤ ጠዋት የደረቀውን እንጀራ ስታይ ከእሱ ይልቅ ለራሷ ታዝናለች።

*

መርሻ ጠረጴዛዋ ዘንድ ሲመጣ ያ ቀልዱ አልነበረም። ሁለት ቀን ገሳይ ላይ ምስክር ሲለምን ውሎ ነበር።

«ሠላሳ ሰው አይቶኛል» አላት። «አንዱ ፀሐይ ዓይኔን ያዘኝ አለ። አንዷ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ ነበር አለችኝ። ያ የደገፍኋቸው ሽማግሌ እንኳ፣ ‹ልጄ፣ መኪና የሚባል ነገር አላስተዋልሁም› አሉኝ።»

«ኤንትሬ የሚያክል የጭነት መኪና?»

«ኤንትሬ የሚያክል።»

ፈንታነሽ ነገሩ ገባት። አንድ ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ መኪናው ከመታጠፊያው በፊት ቆሟል ካለ፣ ለምን ቆመ ይባላል። ሬሳ ሊሸኝ ካለ፣ እንዴት ሸኘ ይባላል። ያን ጊዜ የወይዘሮ ሙሉእመቤትን ቃሬዛ የቀጥቃጭ ትከሻ እንደተሸከመው በመንግሥት መዝገብ ይሰፍራል። የዚያን ዕለት ማንነቱን ያላወቁ፣ ኋላ ያወቁ ሁሉ ዓይናቸውን የጨፈኑት ለዚህ ነው።

«ትከሻዬን ያዩ ሁሉ መኪናዬን አላዩም» አለ መርሻ፤ ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም።

«እኔ አይቻለሁ።»

«አንቺ አትመሰክሪም።»

«ማን ከለከለኝ?»

«እኔ። ያለሽ አንድ ወንድም ነው። ሥራ ቢጠፋ ሌላ ማመልከቻ ይጻፋል። ወንድም በማመልከቻ አይተካም።»

«ማመልከቻ ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። የሚተካውንና የማይተካውን እኔ ልወቀው!» አለች፤ ባለጉዳዮቹ ሁሉ ዞረው እስኪያዩዋት ድረስ።

 በማግስቱ ጠዋት ስትመጣ ከቀለሟ ብልቃጥ ሥር የታጠፈ ወረቀት አገኘች።

«ለውድ ፈንታነሽ፦ በአፌ ስነግርሽ ታሸንፊኛለሽና በጽሑፍ ይሁን። እኔ ዳገት የለመድሁ ሰው ነኝ። ዳገት ላይ ማርሽ ይቀነሳል እንጂ አይዘለልም። አንቺን ከወንድምሽ እጅ ነጥቄ ብወስድሽ በሄድሁበት ሁሉ የሰው ንብረት የጫንሁ ይመስለኛል። መኪናውን ይውሰዱት። እግር አለኝ፤ በእግሬም ቢሆን ወደ አንቺ መምጣት አላቆምም። ደግሞ ይህን ስትጨርሺ ፊደሌን እንዳታርሚ። መርሻ።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ፊደሉን አላረመችም። ጠረጴዛዋን ዘግታ፣ ገመድ ገዝታ፣ በአውቶቡስ ገሳይ ወጣች።

ድንጋዩ እዚያው ነበር። የመርሻ መኪና በቆመችበት ሁሉ ዘይት የመትፋት አመል ነበራትና ከድንጋዩ ፊት ጥቁር ነጠብጣብ መሬቱን አርሶታል። ፈንታነሽ ገመዱን በክንዷ እየለካች፣ ጉልበቷ እስኪላጥ ጎንበስ ብላ እስከ መታጠፊያው መነሻ ቆጠረች። መቶ ዐሥራ ሁለት ክንድ። ከጉና የሚወርደው ነፋስ ነጠላዋን ይገፋል፣ መንገደኛ ቆሞ «አበደች?» ይላል። እሷ ግን ገመዱን ጠቀለለች። መቶ ዐሥራ ሁለት ክንድ ማለት ወንድሟ ዋሽቷል ማለት ነው። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ፣ ውስጥ ውስጡን፣ ተሳስቼ ይሆናል የሚል ተስፋ ይዛ ኖሯል።

*

ግንቦት ዐሥራ ሰባት ቀን ችሎቱ ሞላ። እትዬ ላቀች ከፊት ወንበር ተቀመጡ። በዳኛው ራስ ላይ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር!» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ይርጋ የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ መርሻ አንድ ያለችውን ኮቱን ደርቦ ቆመዋል።

ዳኛው የመርሻን ማመልከቻ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ ክቡር ዳኛ። ምስክሩም እኔ ነኝ።»

መርሻ ዞሮ አያት። ዓይኑ ተይ፣ ተይ፣ እያለ ይለምናታል። እሷ ግን መሐላውን ፈጽማ ነበር።

«ከሳሹ ምንሽ ነው?»

«ታላቅ ወንድሜ ነው። አባቴም እናቴም እሱ ነው።»

«ተከሳሹስ?»

 እትዬ ላቀች ወደፊት አዘነበሉ።

«የማገባው ሰው ነው።»

ጉርምርምታ ተነሣ። ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ። «እንግዲያው ምስክርነትሽ ያደላል።»

«ያደላል፤ ለሁለቱም። ለዚህ ነው ሰዎቹን ትቼ መንገዱን የለካሁት።» ገመዱን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ድንጋዩን ተናገረች፣ ዘይቱን ተናገረች፣ መቶ ዐሥራ ሁለቱን ክንድ ተናገረች። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ ማንም ያልደፈረውን ጨመረች፦ «መኪናውን ያቆመው የክርስትና እናቴን ሊሸኝ ነው። ቃሬዛዋንም በትከሻው ተሸክሟል። ቀጥቃጭ መሆኑን አውቃለሁ። የተሸከመላት ሰው በመሆኑ እኮራለሁ። ሬሳ ሲያልፍ በቅሎውን ያቆመ ሰው ተከሶ ያውቃል?»

ዳኛው ወደ ይርጋ ዞሩ። «ሃምሳ አለቃ፣ ምን ትላለህ?»

 ግንባሩ በላብ ረጥቧል። «ክቡር ዳኛ፣ ቀጠሮ ይሰጥልኝ። አንድ ሳምንት ብቻ።»

«አንድ ሳምንት መንገዱን ያረዝመዋል ወይስ ያጣምመዋል?» ሰው ሳቀ። ዳኛው ግን አልሳቁም። «ስማ። እሷ ምላ ከመታጠፊያው በፊት ነው ብላለች። አንተ ፈርመህ መታጠፊያው ላይ ነው ብለሃል። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ዋሽታችኋል። በመሐላ የዋሸ ደግሞ ከዚህ ወደ ቤቱ አይሄድም። ልጅቱ ዋሽታለች ትላለህ?»

ይርጋ እህቱን አያት። ከዚያች ከገሳይ ቀን ወዲህ በቀጥታ ሲያያት የመጀመሪያው ነው። ፈንታነሽ በዚያ አስተያየት ውስጥ ቁጣ ፈለገች፤ አጣች። ኀፍረት ነው አለች በሆዷ። የሚለምን ሰው ዓይን መሆኑ አልገባትም።

«እህቴ አልዋሸችም» አለ ይርጋ።  «መዝገቡን ያሳሳትሁ እኔ ነኝ።»

ዐሥራ ስድስት ዓመት የተገነባ ስም በአንዲት ዐረፍተ ነገር ሲፈርስ ድምፅ እንኳ አላሰማም። ዳኛው ክሱን ሰረዙ፤ ይርጋ ላይ ለአለቆቹ እንዲጻፍበት አዘዙ። መንጃ ፈቃዱን ይርጋ ራሱ ከኪሱ አውጥቶ ለመርሻ አስረከበ፤ ሲያስረክብም እጁ ቶሎ አልለቀቀውም። ሰው ሁሉ ሲጨበጭብ ፈንታነሽ ያሸነፈችውን ሰው ጀርባ እያየች ቆማ ቀረች። ድሉ ምላሷ ላይ መረራት።

*

ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ መርሻ አጠገቧ ሄደ። ብዙ ከተጓዙ በኋላ «ሽማግሌ ልልክ ነው» አላት። «ግን ማንን ልላክ? የኔን ነገር ይዞ ወንድምሽ ደጅ የሚቆም ሰው ከየት ይመጣል?»

«አባትህን ላካቸው።»

«አባቴን? በር ይከፈትላቸዋል?»

«በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። ከሰኔ ጾም በኋላ ይምጡ። እኔ ራሴ ነኝ ውኃ ይዤ እጃቸውን የማስታጥባቸው፤ ከገበታቸውም መጀመሪያ የምቆርሰው እኔ ነኝ።»

መርሻ ፊቱን ወደ ባሕር ዛፎቹ አዞረ። ያን የሚያህል ወንድ ሲያለቅስ እንዳታየው ፈልጎ ነው። እሷም አየሁ አላለችም። ትከሻው ሲነቃነቅ እያየች፣ ሰው ከደስታው ብዛት የተነሣ ይህን ያህል ሊፈራ ይችላል ወይ ብላ ራሷን ጠየቀች።

ይህ ረቡዕ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከመርሻ መሥሪያ ቤት ትእዛዝ ወጣ። መኪናዎቹ ከነሹፌሮቻቸው ዓርብ ጠዋት ተሰልፈው፣ የጦር መሣሪያና ስንቅ ጭነው ወደ ሰሜን ግንባር ይሄዳሉ። የመመለሻው ቀን አልተጻፈም።

ዓርብ ጠዋት ከተማዋ መውጫ ላይ መኪናዎች በሸራ ተሸፍነው ተደረደሩ። በየጋቢናው ከሹፌሩ ጎን አንድ ወታደር ተቀምጧል። ፈንታነሽ የመርሻን መኪና እስክታገኝ እየሮጠች ደረሰች። መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ወታደሩ ሰው ኖሮ ፊቱን ወደ ማዶ አዞረላቸው።

«ማመልከቻ ጻፊልኝ» አላት መርሻ።

«ለማን?»

«ለማንም ይሁን። ቶሎ ይመለስ በይልኝ።»

 ክንዱን ይዛ፣ ጣቶቹን ይዛ፣ በመጨረሻም የጣቶቹን ጫፍ ይዛ ከመኪናው ጋር ሄደች። መኪናው ፍጥነት ሲጨምር እጇ ባዶ አየር ላይ ቀረ። አቧራው ሰማዩን ሸፈነው። የመርሻን መኪና ከሌሎቹ መለየት እስኪያቅታት ድረስ ቆመች፤ ከዚያም በኋላ ቆመች። እህልና ጨው፣ ጎማና ደብዳቤ፣ ያሳለፈችው ዓመት ሁሉ እዚያ አቧራ ውስጥ እየሄደ ነበር።

መኪናዎቹ እንዲያልፉ መንገዱን ዘግቶ ሲያሳልፍ የነበረው ይርጋ ነው። ነጩን ጓንቱን እያወለቀ መጣና ሁለት እርምጃ ያህል ሲቀረው ቆመ። ከክርክሩ ወዲህ አልተነጋገሩም ነበር።

«አሁን ደስ አለህ?» አለችው ሳትዞር። «ያንተ ክስ ያልቻለውን ጦርነት ቻለልህ።»

ይርጋ ጓንቱን አጠፈው፣ ፈታው፣ ደግሞ አጠፈው።

«ያን ዕለት ከወረታ ጀምሬ ነው የተከተልሁት» አለ። «አንዲት ጥፋት ፈለግሁበት። መብራቱን አየሁ፣ ጭነቱን አየሁ፣ ፍጥነቱን አየሁ፤ ምንም አጣሁበት። ያንን ሬሳ ባይሸኝ ኖሮ የምጽፈውንም አላገኝም ነበር።»

ፈንታነሽ ዞረች።

«የሚዘምቱትን ሹፌሮች ዝርዝር ያን ዕለት ጠዋት ሰጥተውኝ ነበር፤ መንጃ ፈቃዳቸውን አጣርቼ እንድመልስ። ለሰው የተናገረ ይረሸናል ብለው አስፈርመውኛል። ለአንቺ ብነግርሽ ለእሱ ትነግሪዋለሽ፤ እሱም ይሸሻል፤ ይያዛል።» ጓንቱን ኪሱ ከተተ። «ፈቃዱ በክስ የተያዘ ሹፌር ከዝርዝሩ ይወጣል፤ ፈቃዱ ሲመለስለት ተመልሶ ይገባል ይላል መመሪያው። የመርሻ ስም ዐሥራ አንደኛ ላይ ነበር። በእጄ ሰርዤው ነበር።»